ዲናሞ ያልሆነው ዲናሞ

ገርጂ፣ ጎሮ ወይም ሾላ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ የምትሰሙት አማርኛ ግማሹ አማርኛ አይደለም። «ሞተሪኖው አይዞርም»፣ «ዲናሞው አይሞላም»፣ «ባልቦላው ተቃጥሏል»፣ «የኋላው ፍሬቻ ማሳ አጥቷል»፣ «መብራቱ ጋቢናው ጋ ይደርሳል፣ ካሶኒው ጋ አይደርስም»… ሞተሪኖ፣ ባልቦላ፣ ፍሬቻ፣ ማሳ፣ ጋቢና፣ ካሶኒ፤ ስድስቱም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ይህ ሁሉ የሚወራባት መኪና ግን ጣሊያንን በህልሟም አታውቀውም። ጃፓን የተሠራች አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ናት፤ አምፖሏ ከቻይና፣ ባትሪዋ ከሌላ አገር፣ ካሶኒዋ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ተበይዶ የተሠራ። እንግዲህ ይህቺ መኪና «መብራቴ ጠፋ» ስትል ከየት ተነስታችሁ የት ትደርሳላችሁ?

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ክፍል ውስጥ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያሉ ሲያሰለቹን የነበሩት ጥያቄዎች ግን ደህና የመኪና ኤሌክትሪሺያን ኮፈን ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቃቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «መቼ ጀመራት? ጠዋት ነው ወይስ ስትሞቅ? ከዝናብ በኋላ ነው? በቅርቡ ብየዳ ገብታ ነበር? ቴፕ ያስገጠምከው መቼ ነው?» የአሮጌ ፒካፕ የኤሌክትሪክ ችግር በአብዛኛው የታሪክ ችግር ነው። እያንዳንዱ ባለቤት፣ እያንዳንዱ ዘመን፣ አንድ ሽቦ ጨምሮባት ሄዷል። ስለዚህ ዛሬ ታሪክ እንጻፍ፤ የሽቦ ታሪክ።

አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አስረከበ። ያቺ መኪና ሞተሪኖ አልነበራትም። ሞተሯ የሚነሳው ከፊት ለፊት ተሰክቶ በእጅ በሚዞር ማኖቤላ ነበር። ሞተርን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን የዚህ ሥራ ባለቤት ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከዚያ በፊት «ባትሪ ሞተብኝ» ብሎ ከሥራ መቅረት አይቻልም ነበር ማለት ነው (የእጅ አጥንት ተሰበረብኝ ማለት ግን ይቻል ነበር፤ ማኖቤላ ወደ ኋላ ሲመታ ርኅራኄ የለውም)።

ቋንቋው የገባው በኋላ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ለጦርና ለመንገድ ሥራ እጅግ ብዙ የጭነት መኪና አስገቡ። አዛውንት ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ የሚያነሱት ፊያት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ መኪናውም፣ ከመካኒኮቹም ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ጋራዥ ከፈቱ፣ የአገሬውን ልጅ ረዳት አድርገው ቀጠሩ፤ ልጁም «ካቻቢቴ አቀብል»፣ «ፒንሳ አምጣ» ሲባል መሣሪያውንና ስሙን በአንድ ቀን ተማረ። በመጽሐፍ የተማረ አልነበረም፤ በጆሮ የተማረ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቶሎ አይረሳም፣ ቶሎም አይታረምም።

ምሳሌው ዲናሞ ነው። በዚያ ዘመን መኪና ላይ ባትሪ የሚሞላው መሣሪያ እውነተኛ ዲናሞ ነበር፤ በቀጥታ ዲሲ የሚያመነጭ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ይህ ነው የሚባል ነገር የማይሰጥ። መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲሠራ ባትሪዋ ከመሙላት ይልቅ ትጎድል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ክራይስለር መንገዱን ከፍቶ የዓለም መኪና ሠሪዎች ተራ በተራ ወደ አልተርኔተር ተሻገሩ። አልተርኔተር ኤሲ አመንጭቶ በዳዮዶች ወደ ዲሲ የሚቀይር ነው፤ በዝግታም ሲዞር ይሞላል። እኛ አገርም መኪናው ተቀየረ፣ ስሙ ግን አልተቀየረም፤ አልተርኔተሩን ዛሬም «ዲናሞ» እንለዋለን። በስሙ ላይ ጠብ የለኝም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው። ችግሩ ከስሙ ጋር አብሮ የቀረው ልማድ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋች ዲናሞው ይሠራል» የሚለውን ሙከራ ሳታዩ አትቀሩም። በዲናሞ ዘመን ብዙ ጉዳት ሳያደርስ የሚያልፍ ብልሃት ነበር። በአልተርኔተር ላይ ግን ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ሽቅብ ይተኮሳል፤ ዳዮዶቹን፣ ሬጉሌተሩን፣ አንዳንዴም ሬዲዮውን ይዞ ይሄዳል። ደህና የነበረው መሣሪያ በምርመራው ይሞታል ማለት ነው! ከዚያ «አላልኩህም? ዲናሞው ነው» ይባላል። ትክክለኛው ምርመራ አንድ ርካሽ ቴስተር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሱን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ጣሊያን ብቻ አይደለም የጻፈብን። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞች መጡ፣ ከእነሱም በኋላ ላንድሮቨር በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። የድሮ ላንድሮቨር እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፤ ማሳው ፖዘቲቭ ማለት ነው። የሌሎቹ ኔጌቲቭ ነው። እዚህ አገር አንድ ኤሌክትሪሺያን ጠዋት ላንድሮቨር፣ ከሰዓት ፊያት ሲሠራ ስንት ነገር ገልብጦ ማሰብ ነበረበት!

ከዚያ ጃፓኖቹ መጡ። እነሱም ሌላ እንቆቅልሽ ይዘው ነው የመጡት። በብዙ የድሮ ቶዮታ ፒካፖችና ላንድክሩዘሮች ላይ የፊት መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው በፖዘቲቩ በኩል አይደለም። መብራቱ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ድረስ ይሄድና ረጅምና አጭር የሚመረጠው በማሳው በኩል ነው። አምፖልና ሁለት ሽቦ ይዞ በፊያት ደንብ የተማረ ሰው ሶኬቱን ሲፈትሽ ያላሰበው ቦታ ሁሉ ላይ መሞከሪያው ይበራበታል። «ሽቦው ተገናኝቷል» ብሎ የፋብሪካውን ሽቦ ቆርጦ አዲስ ይዘረጋል። አሮጌ ሃይሉክስ ከፍታችሁ ከመሪው ሥር ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ሁሉም ቀይ ሽቦ ካያችሁ ይህ አለመግባባት አልፎባት ይሆናል።

ሃይሉክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ገበያ ላይ የወጣ ነው። እኛ ጋ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) ነው። ፒካፑ የዓለም ስም ያገኘው ግን በማስታወቂያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ቻድ ውስጥ በጀርባው መሣሪያ የተተከለበት ፒካፕ የሊቢያን ታንኮች ሲያሳድድ ጦርነቱ «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ቶፕ ጊር የተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አንድ አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ ሰጠመው፣ አቃጠለው፣ በሚፈርስ ሕንፃ አናት ላይ ጫነው፤ መካኒኩ ግን ያለ አዲስ መለዋወጫ አስነሳው። ሰዉ ጉድ አለ። እኔ ሳየው ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ የኛ ባለጋራዦች ይህን ቢያዩ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» አይሉም?

ወደ አገራችን ስንመለስ ፒካፕ ጭነት ብቻ አልነበረም የሚጭነው። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባን ያመላለሰው አንዱ ታክሲ «ውይይት» ነበር። ዕድሜያችሁ እንደ እኔ ከሆነ አልደረሳችሁበትም። ካሶኒው ላይ ሽፋን ተሠርቶለት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ተገጥሞለት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚሄድበት ፒካፕ ነው። ያን ጊዜ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተሰብስቦ ስለ ርዕዮተ ዓለም እንዲወያይ ይገደድ ስለነበር፣ እንዲህ ፊት ለፊት የተፋጠጠውን ተሳፋሪ ያየ አዲስ አበቤ «ውይይት» ብሎ ሰየመው። (የዚህ ከተማ ሰው ምንም ቢጨንቀው ስም ማውጣት አያቆምም።) ሚኒባሱ እየበዛ ሲመጣ ውይይት ከአዲስ አበባ ጎዳና ቀረ።

በኤሌክትሪኩ ዓይን ስታዩት ውይይት የመጀመሪያው ትልቅ የሽቦ ጭማሪ ነው። ጭነት የሚጭን ፒካፕ ከኋላ የሚያስፈልገው ስቶፕ፣ ፍሬቻና የታርጋ መብራት ብቻ ነበር። ሰው ሲጭን የውስጥ መብራት ያስፈልገዋል፤ ያም ከአንዱ ሽቦ ተጠልፎ ይወሰዳል። ከየትኛው? በቅርብ ከተገኘው። አንድ ባልቦላ ለታሰበለት ሥራ ተለክቶ የገባ መሆኑን ማን ያስታውሳል?

ሁለተኛው ጭማሪ የመጣው ከእርዳታ ጋር ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ጀምሮ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ይበልጥ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ፒካፕና ላንድክሩዘር በብዛት አስገቡ። ርቀው ስለሚሄዱ የመገናኛ ሬዲዮ ይገጠምላቸዋል፤ ከፊት ፓራውርቲው ላይ ያ ረጅም አንቴና ሲወዛወዝ ታስታውሱት ይሆናል። መኪናው ሲያረጅ በጨረታ ይሸጣል። ሬዲዮው ይነቀላል፤ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ጋቢና የገባው ወፍራም ሽቦ ግን እዚያው ይቀራል። ጫፉ ምናልባት በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ምናልባትም ባልቦላ ሳይኖረው። ገዢው አያየውም። ከስንት ዓመት በኋላ ፕላስተሩ ሲላቀቅና ጫፉ የጋቢናውን ብረት ሲነካ ግን በጭስ ይተዋወቃሉ። አሮጌ ፒካፕ ስትገዙ መጀመሪያ ከባትሪው ፖዘቲቭ ስንት ገመድ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ከሁለት ወይም ከሦስት ካለፈ አራተኛው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ሻጩ «አላውቅም» ካለ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው።

ሦስተኛውን ጭማሪ የጨመረችው ከተማችን ናት። የቦሌ አየር ማረፊያ በ1950ዎቹ አጋማሽ የልደታን ማረፊያ ሲተካ አካባቢው ከከተማ ውጭ የሆነ ሜዳ ነበር። ዛሬ ያ ሜዳ ከሩዋንዳ እስከ ገርጂ፣ ከጃክሮስ እስከ ጎሮ፣ ከሳሚት እስከ አያት ድረስ ግንብ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያንን ግንብ ያቆመው ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ በርና መስኮት፣ በየሰፈሩ የሚዞረው የውሃ በርሜል ሳይቀር በአሮጌ ፒካፕ ጀርባ ነው ብዙው የተጓዘው። መንገዱ ክረምት ላይ ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራ። ካሶኒው ይቀጠቀጣል፣ ይቀደዳል፣ ይበየዳል፣ እንደገና ቀለም ይቀባል። እነዚህ አራት ግሶች ለኤሌክትሪኩ ምን ማለት እንደሆኑ እንይ።

መኪና ላይ ኤሌክትሪክ በሽቦ ይሄዳል እንጂ በሽቦ አይመለስም፤ የሚመለሰው በብረቱ ነው። ያ ብረት ነው ማሳ። ካሶኒ ደግሞ ከጋቢናው የተለየ አካል ነው፤ ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ፣ መሃል መሃሉም ጎማ የገባበት። ቀለም ሲቀባ ብሎኑም አብሮ ይቀባል፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዝገትም እንዲሁ። ስለዚህ የኋላ መብራቱ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፣ መመለሻ ግን የለውም። መመለሻ ሲያጣ ምን ያደርጋል? በሌላው አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋል። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ይደበዝዛል፤ ግራ ፍሬቻ ስታበሩ የቀኙ አብሮ ይጠቅሳል፤ የታርጋ መብራቱ ከስቶፑ ጋር ይተነፍሳል። ባለመኪናው «ጋሼ፣ መኪናዋ አብዳለች» ይላል። አላበደችም፤ ማሳ አጥታ ነው። መድኃኒቱ አንድ ክንድ ሽቦ ነው፤ ከመብራቱ መያዣ ወደ ተፋቀ ንጹሕ ሻንሲ። ይህን የማያውቅ ሰው እጅ ከወደቃችሁ ግን ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዳችሁ የኋላ መብራት ሙሉውን ትገዛላችሁ፣ ትገጥማላችሁ፣ ችግሩም እዚያው ይጠብቃችኋል።

ብየዳው ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። የባትሪው ገመድ ሳይነቀል ካሶኒ ሲበየድ የብየዳው ኤሌክትሪክ በአልተርኔተሩ ዳዮዶች በኩል ማለፍ ይችላል። መኪናዋ ከበያጁ ቤት በሰላም ወጥታ በማግስቱ ባትሪዋ ከሞተ ምክንያቱን ባትሪው ውስጥ ብቻ አትፈልጉት። «በቅርቡ ብየዳ ገብታ ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ቃል ወደገባሁት ቴስተር። አዲስ አበባ ውስጥ «ባትሪው ነው» የሚለው ፍርድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ በግምት ባትሪ መቀየር በፒካፕ ለሚተዳደር ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱ ያለው ደግሞ በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ነው። የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ይሰጣል፤ ሞልቶ ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው፤ ከ12 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 14 ጠጋ ማለት አለበት፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ ደህና ነው። ሞተሩ እየሠራ አሁንም 12 ምናምን ካለ ዲናሞው (እሺ፣ አልተርኔተሩ) አይሞላም። ከ15 ካለፈ ከመጠን በላይ እየሞላ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ገመድ መንቀል የለም፣ ብልጭታ የለም።

አይሞላም ከተባለም አልተርኔተሩ ገና አልተፈረደበትም። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። ባልቦላው ተቃጥሎ ይሆናል። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ አልተርኔተሩ ሥራ እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ በእሷ በኩል ያልፋል። ቁልፍ ሲዞር ካልበራች፣ የሞተችው እሷ ልትሆን ትችላለች። የሳንቲም አምፖል የሺዎች መሣሪያ ስታስነቅል አስቡት።

አሮጌ የናፍጣ ቶዮታ ላይ ደግሞ እኔን በጣም የገረመኝ ነገር አለ። ናፍጣ ሞተር ፍሬን የሚያግዘውን የአየር መሳብ በራሱ ስለማይፈጥር ለዚህ የተሠራች ትንሽ ፓምፕ አልተርኔተሩ ጀርባ ላይ ተገጥማለች። ፓምፗ የሞተር ዘይት ይገባታል። ጎሚኒዋ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ አልተርኔተሩ ውስጥ ይፈስና ካርቦኖቹን ያበላሻል። እንግዲህ ባትሪ አልሞላ ያለበትና ፍሬን ከበድ ያለበት ቀን አንድ ከሆነ ሁለት በሽታ አይደለም፣ አንድ ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው በተለይ።

ሞተሪኖውስ? ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብላ ዝም ካለች ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው የባትሪው ኔጌቲቭና የሞተሩ ብረት መካከል ያለው መንገድ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ፣ ሌላው ቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርግ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ኤሌክትሪኩ በዝገት ላይ እየባከነ ነው፤ ባትሪም ሞተሪኖም አትግዙ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ፋቁ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ሁለተኛው ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ቁራጮች ናቸው፤ በጃፓን ሞተሪኖዎች ላይ በየጊዜው እየተቃጠሉ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ቁራጮቹ ብቻ ተቀይረው ሞተሪኖው ይኖራል። ሙሉውን ከመግዛት ጋር አይነጻጸርም።

የጠዋቱ ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ይበርዳል። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩን አምቆ በማጋል ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ሲሊንደሩን ቀድመው የሚያሞቁት ማሞቂያዎች ከሌሉ ይቸግረዋል። ከአራቱ ሁለቱ ሲሞቱ መኪናዋ ጠዋት ትለግማለች፣ ከሰዓት ግን አንድ ጊዜ ትነሳለች። ባለቤቱ «ባትሪው ሌሊት ያፈሳል» ብሎ ባትሪ ይቀይራል። እውነት ሌሊት የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ቀላል ነው፤ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ኔጌቲቩን ነቅሎ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጎ መሃል ማስገባትና ባልቦላዎቹን አንድ በአንድ መንቀል። በየትኛው ሲነቀል ቁጥሩ ወረደ? ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቴፑ ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልወረደ ያ ባልቦላ የሌለው አሮጌ የሬዲዮ ሽቦ ትዝ ይበላችሁ፤ ወይም አልተርኔተሩ ራሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፓውዛ የሚወዱ ሾፌሮች አይቀየሙኝና። የፋብሪካው የፊት አምፖል አጭሩ 55 ዋት ነው፤ ሁለቱ አብረው 9 አምፔር አካባቢ ይወስዳሉ። በእነሱ ቦታ 100 ዋት ሲገባ ወደ 17 አምፔር ይጠጋል፤ ማብሪያውም ሽቦውም ለዚህ አልተሠሩም። ሪሌ ተገጥሞ ከባትሪው በባልቦላ በኩል ወፍራም መስመር ካልተሳበላቸው መጀመሪያ ማብሪያው ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል፣ ሦስተኛውን እናንተ ጨምሩበት። ባልቦላ ሲቃጠል በሲጋራ ብር ጠቅልሎ መመለስም እዚሁ ላይ ይደመር። ባልቦላው የተቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው እኮ!

ይህ ሁሉ እውቀት ዛሬ የት ነው ያለው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ያለውን ታክስ በብዙ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ፒካፕ ዋጋው ጨመረ፤ የሚጥለው የለም፣ የሚያስጠግነው እንጂ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ያለው መንገድ ሲሰፋና ሲታደስ ጥግ ጥጉን ይዘው ይሠሩ የነበሩ ትናንሽ ቤቶች ተነስተዋል። ከሃያ ሁለት ወደ ገርጂ፣ ከገርጂ ወደ ጎሮ በኪራይ ሲገፋ የኖረ ሰው እንደገና ዕቃውን መሸከም ነበረበት። መንገዱ አምሯል፣ አልክድም፤ ማታ በእግሬ ስሄድበት ደስ ይለኛል። ግን አንድ ኤሌክትሪሺያን ከሃያ ዓመት ደንበኞቹ ሲለይ እነዚያ ደንበኞች የመኪናቸውን ታሪክ የሚያውቀውን ሰው ነው የሚያጡት። አዲሱ ሰው ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዜሮ የሚጀምር ደግሞ ሽቦ ይቆርጣል። ረዳቶቹስ? «ባልቦላ አቀብል» እየተባለ የተማረ ልጅ አለቃው ቦታ ሲያጣ ወዴት ነው የሚሄደው? ይህን በወረቀት ያስቀመጠ ሰው አላጋጠመኝም፤ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው ሲሄድ የኖረው።

አንዳንዱ ልጅ ወደ ኤሌክትሪክ መኪናዎቹ እያየ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት ቢዋይዲዎች በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ይነዳሉ፣ እሱን ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም፤ ይገድላል። ነገር ግን እነሱም ውስጥ በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ባለ 12 ቮልት መስመር አለ። እሱ ሲሞት የሚሊዮኖች ብር መኪና በሩን እንኳ አትከፍትም፤ ዋናው ባትሪዋ ሞልቶ ሳለ። መጀመሪያ የሚፈተሸው ያው ነው፤ ባትሪው ሞልቷል ወይ፣ ገመዱ ጠብቋል ወይ፣ ማሳው ንጹሕ ነው ወይ። በነዚህ መኪኖች ሞተሪኖ የለም፣ ዲናሞም የለም፤ ባትሪውን ከዋናው መስመር እየቀነሰ የሚሞላ መቀየሪያ ነው ያላቸው። ስሙን በእንግሊዝኛ ይጠሩታል። ጎሮ ሲደርስ ምን እንደሚባል እንጃ፤ እኔ ግን «ዲናሞ» ይሉታል ባይ ነኝ።